ሰው አለው

ስልኩ ደረቷ ውስጥ ሲነዝር አይናዲስ እጇን በነጠላዋ ሥር ሰድዳ አፈነችው። የእሷ ስልክ አልነበረም። የአባቷ ነው። መምህር አለበል ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው፤ ስልካቸው ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው ከጧት ጀምሮ ሲጠራ አረፈደ። ማን እንደሚደውል ሳታይም ታውቃለች።

«ማነው እሱ አሁንም አሁንም የሚያስቸግርሽ?» አሉ እትዬ የብርጓል። የአባቷ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ለቅሶ የተቀመጡትም በሳቸው ግቢ፣ ደብረ ኤልያስ ነው። ፍራሹ ላይ ከጎኗ ሆነው የንፍሮውን ሳህን ወደ እሷ እየገፉ ነበር።

«ከሥራ ቦታ ነው።»

«ሐዘን ላይ ናት አይሉም? ምን ያሉ ሰዎች ናቸው። በይ እህል ቅመሺ።»

አንድ እፍኝ አነሣች እንጂ አልበላችም። ባቄላዋን በጣቶቿ መሐል እያንከባለለች በድንኳኑ አፍ በኩል መንገዱን ታያለች። ከደብረ ማርቆስ የሚመጣ መኪና በታየ ቁጥር ቆሞ ሰው ያወርድ እንደሆነ እስኪያልፍ ትጠብቃለች።

ከጀርባዋ ሁለት ሴቶች በሹክሹክታ ያወራሉ። ሹክሹክታቸው ግን ለሚፈልገው ሰው እንዲደርስ ተደርጎ የተመጠነ ነበር።

«ልጁ ቤት ሆኖ ነው ያረፈ አሉ።»

«ታድሎ። ስንቱ ነው ሰው እንደሌለው መጦሪያ ቤት የሚጣል።»

«እሱስ ሰው አለው። ውጭ አገር ተምራ፣ ለአባቷ ብላ የተመለሰች ልጅ።»

ንፍሮው እጇ ውስጥ በላብ ራሰ።

መምህር አለበል ልጃቸው ቤት አልነበሩም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት የኖሩት ደብረ ማርቆስ፣ ከከተማው ዳር ካለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ስምንት አልጋ፣ አንድ የኮክ ዛፍ፣ ፀሐይ የሚሞቁበት አንድ ረጅም ግንብ። ይህን ደብረ ኤልያስ ውስጥ ከአይናዲስ በቀር የሚያውቅ የለም። ባለፈው ዓርብ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ሆስፒታል ገቡ፤ ማክሰኞ ሳይነጋ አረፉ። አስከሬናቸው ከሆስፒታል በቀጥታ ወደ ትውልድ ቀያቸው መጥቶ በዚያው ቀን ተቀበረ። በመኖሪያው በር አላለፈም። እንዳያልፍ ያደረገችው እሷ ናት።

ያን ዕለት ጧት ለመኖሪያው ኃላፊ ለሥራነሽ ደውላ፣ «ለጋሽ ባዘዘው ለጊዜው እንዳይነገራቸው፤ ልባቸው ደካማ ነው። ሐዘኑ ሲያልፍ እኔ ራሴ መጥቼ አረዳቸዋለሁ። እስከዚያ ሌሎቹም ባይሰሙ ይሻላል» አለቻት። ሥራነሽ፣ «እንዳልሽ» አለች።

መርዶ በጥድፊያ እንደማይነገር ማን ይክዳል? ወገን ተሰብስቦ፣ ሰውየው በደንብ ተቀምጦ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ ነው የሚረዳው። አይናዲስ ውጭ አገር፣ ዋርሳው ስትማር የእናቷን ሞት ሰባት ወር ደብቀዋት ስለነበር ይህን ወግ ስትጠላው ኖራለች። አሁን እጇ ላይ ሲወድቅ ግን ምን ያህል እንደሚያመች ገባት። የጋሽ ባዘዘው ልብ ደካማ መሆኑ እውነት ነው። እሷ የፈራችው ግን ለሳቸው ልብ አልነበረም። ያ ሁሉ ሽማግሌ ለቅሶ ሊደርስ ቢመጣ «ከየት ነው የምትመጡ?» መባሉ አይቀርም።

*

ሐሙስ ሐሙስ ከመኖሪያው ይወጡ ነበር። መምህር አለበል «ጉብኝት» ይሉታል፤ አርባ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማሩ ሰው ስለሆኑ ያለ ስም መዞር አይሆንላቸውም። ጉብኝቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ በአውቶቡስ ሉማሜ ሄዶ፣ መንገድ ዳር ካለች ሻይ ቤት ተቀምጦ፣ ላይና ታች የሚለውን መኪና ሲያዩ ውሎ መመለስ። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት በከረመበት ሰሞን ደግሞ መናኸሪያ ድረስ ሄደው፣ «ዛሬ የለም» የሚለውን ከተራ አስከባሪው አፍ ሰምተው ይመለሳሉ። ያም ጉብኝት ነው።

የጉብኝቱ ጓደኛ ጋሽ ባዘዘው የድሮ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። የዓባይን በረሃ ሃያ ስድስት ዓመት ወርደው ወጥተዋል። ከሾፌሩ ጀርባ ካልተቀመጡ ጉዞ አይመስላቸውም፤ «በሦስተኛ ነው እንዴ ይህን የሚወጣ? የኔ ወንድም፣ ሞተሩ እኮ እንዳንተው ይደክመዋል» እያሉ እስከ ሉማሜ ያልጠየቃቸውን ያስተምሩታል። እግራቸው ስለሚያዘግም ቀድመው ገብተው ቦታ የሚይዙላቸው መምህር አለበል ናቸው። ቡናማ ባርኔጣቸውን ከጎናቸው ወንበር ላይ ያኖራሉ። ሰው መጥቶ ሊቀመጥ ሲል ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሰው አለው» ይላሉ።

አንድ ሐሙስ አይናዲስ አብራቸው ሄዳለች። አንድ የእህል ነጋዴ ባርኔጣውን ትክ ብሎ አየና፣ «አባባ፣ ይኸ እኮ ባርኔጣ ነው። ሰውየው የታለ?» አለ።

«እየመጣ ነው።»

«እስኪመጣ ልቀመጥበታ።»

«አንተ ከተቀመጥህበትማ ሰው የለውም ማለት ነው» አሉት። «ሰው የሌለው ነገር ምን እንደሚሆን አንተ ታውቃለህ፤ ነጋዴ ነህ።»

ነጋዴው ስቆ ቆሞ ቀረ። ጋሽ ባዘዘው እያለከለኩ ደረሱ፤ ባርኔጣውን አንሥተው አባቷ ራስ ላይ ደፉና ተቀመጡ።

«ዛሬስ መስኮቱን ትለቅልኝ ይሆን?»

«አንተ ሃያ ስድስት ዓመት በፊት መስታወት አየህ፤ አይበቃህም? መስኮቱ የኔ ነው።»

አይናዲስ ከኋላ ወንበር ሆና ስታያቸው ቅናት ቢጤ ተሰማት። እሷ ቤት በነበሩበት አንድ ዓመት አባቷ እንዲህ ሲናገሩ ሰምታቸው አታውቅም። እሷ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ትወጣለች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ አባቷን ጧት በተወቻቸው ወንበር ላይ፣ ጧት በለበሱት ኮት ታገኛቸዋለች። «ዋልህ?» «ዋልሁ።» ያ ነበር ወሬያቸው። አንድ ምሽት ወጥ ቤት ገብታ ለጓደኛዋ በስልክ፣ «አልቻልኩም። ከሱ ጋር እንዴት እንደሚኖር ረስቼዋለሁ» አለች። በሳምንቱ መምህር አለበል ቁርስ ላይ ሻያቸውን እያማሰሉ፣ «ባዘዘው ካለበት ልግባ ብዬ አስቤያለሁ» አሏት።

«እርግጠኛ ነህ፣ አባዬ?»

«ነኝ።»

ሁለተኛ አልጠየቀችም። ወጥ ቤት ያለችውን ሰምተዋት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አታውቅም። የገቡ ዕለት ግን ባዶ ቤቷ ተመልሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን ሶፋው ላይ ሰቅላ፣ ረጅም እፎይታ መተንፈሷን ታስታውሳለች። ከዚያ ወዲህ ያን ትንፋሽ ስንት ጊዜ መልሳ ልትውጠው ሞክራለች።

ለእኅታቸው የመዋሸቱ ሐሳብ የመጣው ከአባቷ ከራሳቸው ነው። «የብርጓል አይገባትም፤ ሰው የለህም ወይ ብላ ታለቅሳለች። ካንቺው ጋር ነኝ በያት» አሉ። እትዬ የብርጓል ለኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል ማርቆስ በመጡ ጊዜ አባቷ ከመኖሪያው ወጥተው ሁለት ቀን እሷ ቤት ሰነበቱ። ኮታቸውን በሩ ጀርባ ሰቀሉ፣ ነጠላ ጫማቸውን አልጋ ሥር አኖሩ። ግን ለእኅታቸው ሻይ ልቅዳ ብለው ተነሥተው የስኒውን ቁም ሣጥን አጡት። የሳህኑን ከፈቱ፣ የቅመሙን ከፈቱ። አይናዲስ ሮጣ ደርሳ፣ «አባዬ ደግሞ፣ ትናንት እኮ ነው ቦታ የቀየርኩት» አለች። እትዬ የብርጓል ወንድማቸው የከፈቷቸውን በሮች አንድ በአንድ አዩና ስኳር ጠየቁ።

*

ስልኩ እንደገና ነዘረ። አይናዲስ ተነሥታ ከቤቱ ጀርባ፣ ከጭድ ክምሩ ሥር ሄደችና አነሣችው።

«አለበል?»

«እኔ ነኝ፣ ጋሽ ባዘዘው። አይናዲስ።»

«አይ የኔ ልጅ። እንዴት አደረ? ሥራነሽን ብጠይቃት ዓይኗን ታሸሻለች። ወገቡ ነው?»

«ደህና ነው። ደክሞታል። አሁን ማውራት አይችልም።»

«አያውራ፣ አያውራ። ነገ ሐሙስ መሆኑን ብቻ ንገሪው። መንገዱ ተከፍቷል አሉ። ቦታ መያዙ የኔ ተራ ነው በይው። ባርኔጣውን አልጋው ላይ ጥሎት ነው የሄደ፤ እኔ ዘንድ ነው።»

«እሺ።»

«ድምፅሽ ምነው?»

«ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

«ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪበት። ወጥ ቤት እኮ አትወጂም አንቺ።» ሳቅ ብለው ዘጉ።

አይናዲስ ስልኩን እንደያዘች ጭዱን ተደግፋ ቆመች። ከመላው ጎጃም እኒህ ሽማግሌና የመኖሪያው ባልንጀሮቻቸው ብቻ አባቷን ዛሬም በሕይወት አኑረዋቸዋል፤ ያኖረቻቸው ደግሞ እሷ ናት። ወጉን ሰበብ አድርጋ። ነገ ጧት ደውላ ልንገራቸው ብላ አሰበች። ከዚያ በስልክ መርዶ ይነገራል እንዴ ብላ ተወችው። ከዚያ ይህም ሰበብ መሆኑን አወቀችው። እንዲህ እየተመላለሰች ቆይታ ወደ ድንኳኑ ስትገባ እትዬ የብርጓል ፊቷን አይተው፣ «አልቅሺ እንጂ ልጄ፣ እንዲህ ይዘሽው አትክረሚ» አሏት።

*

ሐሙስ ሠልስት ነበር። ሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ድንኳኑን ሞልቶ ሳለ አንድ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመ። አይናዲስ ሞተሩ ሲጠፋ ሰማች እንጂ ቀና አላለችም። ቀና ሳትል ግን የሚወርዱት ሰዎች ለመውረድ የሚፈጅባቸውን ጊዜ ሰማች። አንድ በትር መሬት ነካ። ቆይቶ ሌላ በትር። ቆይቶ ሳል።

መጀመሪያ የገቡት ጋሽ ባዘዘው ናቸው። ባርኔጣውን በብብታቸው ይዘውታል። ከኋላቸው ጆሯቸው የማይሰማው አባ ቢተው፣ ከሳቸው ኋላ ሌሎች አራት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ በመጨረሻ ሥራነሽ አንገቷን ደፍታ። ጋሽ ባዘዘው ጧት ለሉማሜ ቦታ ሊይዙ መናኸሪያ ሄደው ኖሯል። ድሮ ረዳታቸው የነበረ የደብረ ኤልያስ መስመር ሾፌር ከሩቅ አይቷቸው መጣና፣ «ጋሼ፣ ከመምህር አለበል ቀብር አጣሁህ። ምነው ቀረህ?» አላቸው። መርዶውን የሰሙት እንዲያ ነው፤ ቆመው፣ በአውቶቡስ ጥሩንባ መሐል፣ ከጎናቸው አንድም ወገን ሳይኖር።

አይናዲስ ተነሣች። ጋሽ ባዘዘው አቅፈው አንገቷ ሥር ገቡ። አላለቀሱም። የለበሱት ጋቢ የመኖሪያውን ሳሙና ይሸታል፤ የአባቷን ሽታ።

«ልቡ ደካማ ነው ብለሽ» አሉ ጆሮዋ ሥር፣ ለሷ ብቻ። «እውነትሽን ነው። ግን ልቡ የኔ ነው፣ ልጄ። እኔን ደብቀሽ ለማን ልትነግሪ ነበር?»



«ኑ፣ አረፍ በሉ» አሉ እትዬ የብርጓል ከፍራሹ ላይ። ስድስቱንም አንድ በአንድ አዩዋቸው። «እግዜር ይስጥልን። እንግዶቹ ከየት ነው የምትመጡ?»

ጋሽ ባዘዘው ወደ አይናዲስ ዞሩ። ሃያ ስድስት ዓመት ተሳፋሪ ያመላለሰ ሰው የፈራ ፊት አይጠፋውም። ጥቂት አይተዋት ወደ እትዬ የብርጓል ተመለሱ።

«የማርቆስ ጎረቤቶቹ ነን፣ እመቤቴ» አሉ። «በመሐላችን ግድግዳ እንኳ አልነበረ።»

«እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጥ» አሉ እትዬ የብርጓል። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ነገሩ አልፎ ነበር።

«ምን አለች?» አሉ አባ ቢተው፣ መስማት እንደተሳነው ሰው ሁሉ ጮክ ብለው።

«ከየት ናችሁ ነው የምትል» አለቻቸው ሥራነሽ ጆሯቸው ላይ።

«እ?»

«ከየት ናችሁ!»

«አሃ» አሉ አባ ቢተው፤ ሊናገሩም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥራነሽ ጋቢያቸውን ያዘች።

አይናዲስ የሚጠበቅባት ፍራሹ ላይ ተመልሳ መቀመጥ ብቻ ነበር። ጋሽ ባዘዘው የራሳቸውን ቁስል ውጠው ውሸቱን ሸፍነውላታል። ግን ባርኔጣው ብብታቸው ውስጥ ጠርዙ ተጨምቆ ታያት። አባቷ ጠርዙ እንዲጨመቅ አይወዱም ነበር።

«ጎረቤት አይደሉም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «አባዬ ይኖር የነበረው እነሱ ጋ ነው፣ እትዬ። ሁለት ዓመት። የአረጋውያን መኖሪያ ነው። እኔ ቤት አልነበረም። እንዳይመጡም ያስከለከልኩት እኔ ነኝ።»

ከጀርባዋ የነበረው ሹክሹክታ ተቋረጠ።

«መጦሪያ?» አሉ እትዬ የብርጓል። «የኔ ወንድም? ሰው የሌለው ይመስል?»

«ሰው የሌለውስ እኔ ነበርሁ» አሉ ጋሽ ባዘዘው። በትራቸውን ተደግፈው እንደቆሙ ነበር። «ከጎኔ ያለው አልጋ ባዶ ነበር፣ እመቤቴ። ይህች ሥራነሽ ሌላ ሰው ላስገባበት ባለች ቁጥር ኮቴን አልጋው ላይ አኖርና፣ ሰው አለው እላታለሁ። አሥራ አንድ ሳምንት። ትመስክር።»

«አሥራ ሁለት» አለች ሥራነሽ።

«አለበል እየመጣ ይጠይቀኛል። ኮቱን ያይና፣ ለማን ነው የያዝኸው ይለኛል። ለሚመጣው ሰው እለዋለሁ። ልጄን ትቼ አልመጣም እያለ ሲያስለምነኝ ከርሞ ነው እሺ ያለኝ። ልጅቱ አልጣለችውም። እኔ ነኝ የወሰድሁባት።»

አይናዲስ ይህን ሰምታ አታውቅም። እፎይ ማለት ፈለገች፤ ትንፋሹ ግን መሐል ላይ ቆመ። አሥራ ሁለት ሳምንት እንቢ ብለው፣ እሺ ያሉት በየትኛው ቀን ነው? ከወጥ ቤቱ ስልክ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ጋሽ ባዘዘው ያስታውሱ ይሆናል። ግን አልጠየቀቻቸውም።

እትዬ የብርጓል የነጠላቸውን ጫፍ ሲጠቀልሉና ሲፈቱ ቆዩ።

«ስኒው የት እንዳለ አያውቅም ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ለኪዳነ ምሕረት ስመጣ። አይቻለሁ። ብጠይቀው ደግሞ ወደዚህ ላመጣው ነው። በዚች ቤት የት አስተኛዋለሁ ብዬ ዝም አልሁ።» ከዚያ ወደ አይናዲስ ቀና አሉ። «አንቺን ግን ዛሬ ምንም አልልሽም። አርባው ይውጣና እንነጋገራለን።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«ምን አሉ?» አሉ አባ ቢተው።

«ተቀመጡ ነው የሚሉ» አለቻቸው ሥራነሽ።

አግዳሚ ወንበር መጣ። ጋሽ ባዘዘው ጫፉ ላይ፣ በድንኳኑ አፍ በኩል ተቀመጡ። አይናዲስ ወደ ፍራሹ አልተመለሰችም፤ እዚያው አግዳሚው ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትታ ተቀመጠች። ጋሽ ባዘዘው የባርኔጣውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው አቃንተው መሐላቸው አኖሩት። ያኔ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ «የኛ መምህር» ብላ ስታወጣው ድንኳኑ በሙሉ ተቀበላት፤ አይናዲስም ከማክሰኞ ጀምሮ ይዛው የከረመችውን አለቀሰች።

ለቅሶው ሰከን ሲል ንፍሮ ዞረ። አርፍዶ የመጣ አንድ ገበሬ እያጎነበሰ ገብቶ፣ እግዜር ያጽናችሁ ብሎ፣ የሚቀመጥበት ሲፈልግ በመሐላቸው ያለችውን ክፍት ቦታ አየ። ባርኔጣውን ሊያነሣ እጁን ዘረጋ።

«ሰው አለው» አሉ እትዬ የብርጓል ከፍራሹ ላይ፣ ቀና ሳይሉ። «ወዲያ እለፍ።»

ሰውየው ይቅርታ ብሎ አለፈ። ጋሽ ባዘዘው ባርኔጣውን ትንሽ ሲያዩት ቆዩ። ከዚያ በትራቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከጫፉ ወደ መሐል፣ ወደ አይናዲስ ተጠጉና ባርኔጣውን አንሥተው በለቀቁት ቦታ፣ መንገዱ በሚታይበት በኩል አኖሩት።